ጠረጴዛ በጫማ ሲለካ

ሬጂዮ ኤሚሊያን ጣሊያኖች የሚያውቋት በአይቧ ነው። ታሪክ የሚወዱት ደግሞ ባለሦስት ቀለሙ የጣሊያን ሰንደቅ ዓላማ በ1797 መጀመሪያ የጸደቀው እዚህ መሆኑን ሳይነግሩ አያልፉም። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሚላኖና በቦሎኛ መካከል ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጠች፣ ብስክሌት የሚበዛባት፣ ቀትር ላይ ሱቋን ዘግታ የምታርፍ ከተማ ናት። እኔን ያመጣኝ ሦስተኛው ዝናዋ፣ ማዘጋጃ ቤቷ ለሕፃናት የከፈታቸው ትምህርት ቤቶች ናቸው። አዲስ አበባ ኬጂ ሳስተምር የዚህችን ከተማ ስም በየሥልጠናው እሰማ ነበር። የሚነግሩን ሰዎችም ቢሆኑ አብዛኞቹ አላዩዋትም።

ጉብኝቱን የሚያስተናግደው በሎሪስ ማላጉዚ ስም የሚጠራው ዓለም አቀፍ ማዕከል ነው። ድሮ የሎካቴሊ የአይብ መጋዘን ነበር፤ በ2006 ለዚህ ሥራ ተከፈተ። ከየሀገሩ የተሰባሰብን አስተማሪዎች ስለ ቀለምና ስለ መጫወቻ ይነግሩናል ብለን ስንጠብቅ፣ ስለ ታንክ ነገሩን።

በ1945 ጸደይ፣ ጦርነቱ ካበቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከከተማዋ ወጣ ብላ ያለችው የቪላ ቼላ መንደር ሰዎች ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንሥራ ብለው ተነሡ። ገንዘቡ የተገኘው ጀርመኖች ሲሸሹ ጥለውት ከሄዱት አንድ ታንክ፣ ጥቂት የጭነት መኪናዎችና ፈረሶች ሽያጭ ነው። ጡቡን በቦምብ ከፈረሱ ቤቶች ለቀሙ፤ አሸዋውን ከወንዝ አወጡ። ከሥራው ብዙው በሴቶች ትከሻ ላይ የወደቀ ነበር። ማላጉዚ ያን ጊዜ የ25 ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። ወሬውን ሰምቶ እውነት መሆኑን በዓይኑ ለማየት በብስክሌት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ፣ እስከ 1994፣ ከዚህ ሥራ አልወጣም።

የጣሊያን ምድርና ታንክ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲነሡ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ሌላ ትዝታ ይቀሰቅሳሉ። እዚህ ተቀምጬ ስሰማ ግን የነሱም ቁስል ቀላል እንዳልሆነ ገባኝ። ፋሺዝምን የተቃወሙት ሰባቱ የቼርቪ ወንድማማቾች በታኅሣሥ 1943 በፋሺስቶች የተረሸኑት እዚሁ ነው። እናታቸው ጄኖኤፋ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከተማዋ በ1971 ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የመጀመሪያውን መዋያ ስትከፍት በእሷ ስም ሰየመችው። መታዘዝን ብቻ የተማረ ትውልድ ወዴት እንደደረሰ ያዩ ሰዎች፣ ልጆቻቸው እንዲጠይቁና እንዲከራከሩ ፈለጉ። ስለዚህ እዚህ ስለ አራት ዓመት ልጅ ትምህርት ሲወራ ወሬው ቶሎ ብሎ ስለ ፖለቲካ ይሆናል፤ ይህንንም ማንም አይደብቀውም።

የማዘጋጃ ቤቱ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ሮቢንሰን በ1963 ተከፈተ፤ ሁለት ክፍል፣ 60 ልጅ። እስከዚያ ድረስ በጣሊያን ሕፃናትን የማስተማር ሥራ በአመዛኙ የቤተ ክርስቲያን ነበር። ዲያና የተባለው፣ በከተማው መናፈሻ ውስጥ ያለው ትምህርት ቤት በ1970 ተከተለ። ኒውስዊክ መጽሔት በ1991 ይህን ትምህርት ቤት በዓለም ካሉት ምርጦች ተርታ ካሰለፈው ወዲህ የጎብኚ እግር አላቆመም፤ እኛም ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ነን።

ወደ ክፍሎቹ ከመግባታችን በፊት የጣሊያን የትምህርት ሚኒስቴር በ2012 ያወጣውን መመሪያ አሳዩን። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች አምስት የልምድ መስኮች ተቀምጠዋል፤ እኔና ሌላው፣ አካልና እንቅስቃሴ፣ ምስልና ድምፅና ቀለም፣ ንግግርና ቃላት፣ ዓለምን ማወቅ። እኛም ስንሠለጥን አካላዊ፣ አእምሯዊ፣ ቋንቋ፣ ማኅበራዊና ስሜታዊ፣ ፈጠራ እያልን በቃላችን ወጥተነዋል። ቃሉ ትንሽ ይለያይ እንጂ ዝርዝሩ ያው ነው። እኛ ዘንድ ግን ዝርዝሩ ወዲያው የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ሆነ። ሰኞ ጠዋት ቋንቋ፣ ከእረፍት በፊት ሒሳብ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ጊዜ ከተረፈ፣ ሥዕል። ስሜት የሚባለው ክፍለ ጊዜ ስላልተመደበለት ማንም አላስተማረውም።

በጎበኘሁት ትምህርት ቤት መካከል ላይ ክፍሎቹ ሁሉ የሚከፈቱበት ሰፊ አዳራሽ አለ። ፒያሳ ይሉታል። ከአንዱ ጎን ወጥ ቤቱ በመስተዋት ግድግዳ ወለል ብሎ ይታያል፤ ምግብ አብሳዮቹም በአስተማሪዎቹ ስብሰባ ይቀመጣሉ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር። ወደ ግድግዳ ተጠግተን እንድንቆምና ልጆቹን እንዳናናግር ተነገረን። አስተርጓሚያችን በጆሯችን ሹክ እያለች ከአንድ ክፍል በር ላይ ቆምን።

የምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው። በየቀኑ ተራ የደረሳቸው ልጆች አስተናጋጅ ይሆናሉ። የዚያን ቀን ተረኞች አንድ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅና ከእሱ የምታንስ ሴት ልጅ ናቸው። ሽርጥ ታጥቀዋል። የሚያመላልሱት የሸክላ ሰሃንና እውነተኛ ብርጭቆ ነው። አጠገቤ የቆመችው ብራዚላዊት አስተማሪ ልጅቷ አራት ሰሃን ደራርባ ስትነሣ ትንፋሿን ዋጠች። ልጅቷ ግን አገጯን በላይኛው ሰሃን ላይ አድርጋ፣ እግሯን እየጎተተች አደረሰችው።

ወንዱ ልጅ ብርጭቆ መቁጠር ጀመረ። አሥራ ስድስት ላይ ሲደርስ አንዱን ሁለቴ ቆጠረ፤ እንደገና ከአንድ ተነሣ፤ እንደገና ተምታታበት። በመጨረሻ በልበ ሙሉነት «ሃያ አራት! በቃ፣ ሞልቷል» አለ።

«አልሞላም» አለች ልጅቷ።

«አንቺ እስከ ሃያ አራት መቁጠር አትችይም።»

ይህ ትክክል ነበር፤ አትችልም። ጠዋት የመጡ ልጆች ስማቸውንና ፎቷቸውን የሚሰቅሉበት ሰሌዳ አለ። ልጅቷ ወደዚያ ሄደች። ካርዶቹን በሙሉ ነቅላ በሽርጧ አቀፈችና በየብርጭቆው ፊት አንድ አንድ ትዘረጋ ጀመር። ማንን ከማን ጎን እንደምታስቀምጥ ግን ለራሷ ትነጋገር ነበር፤ ይሄ ከዚያኛው ጋር ይጣላል፣ ያቺ መስኮት ትወዳለች። ሲያልቅ በእጇ ሁለት ካርድ ተረፈ። ምንም ሳትናገር ለልጁ አሳየችው። ልጁ ካርዶቹን አይቶ፣ ብርጭቆዎቹን አይቶ፣ ሁለት ተጨማሪ ሊያመጣ ወደ ወጥ ቤቱ መስተዋት ሮጠ።

መምህርቷ ከሁለት እርምጃ በላይ አትርቅም ነበር። አልተናገረችም። ትጽፋለች። እኔ ብሆን ገና አሥራ ስድስት ላይ ሲሳሳት «አሥራ ሰባት በል!» እለው ነበር፤ ልጅቷም ካርዶቹን ከሰሌዳው ስትነቅል ሳልቆጣ አላልፍም። ከምሳ በኋላ መምህርቷ ሁለቱን አስቀምጣ የጻፈችውን አነበበችላቸው፤ «ልክ እንዲህ ነው ያላችሁት?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ብርጭቆ መጉደሉን በሁለት መንገድ ማወቅ እንደሚቻል፣ የቱ መንገድ ለምን ዓይነት ቀን እንደሚያገለግል አወያየቻቸው። ልጁ ካርድ የሌላቸው እንግዶች ቢመጡ የልጅቷ ዘዴ እንደማይሠራ ተናገረና ክብሩን አስመለሰ።

ማታ ማደሪያዬ ተቀምጬ ያየሁትን በአምስቱ መስኮች ለመመደብ ሞከርኩ። አንዱን ከአንዱ ጋር ማዛመድ ሒሳብ ነው። ካርዶቹን ለመደልደል ግን የሃያ ስድስት ልጆችን ጠብና ፍቅር ማወቅ ነበረባት። ሰሃኑን በአገጭ መደገፍ የአካል ነው፣ ግን ጥንቃቄም ነው፣ ኃላፊነትም ነው። ዝም ብሎ ሁለት ካርድ ማሳየት የቋንቋ ነው ወይስ የማኅበራዊ ሕይወት? መስመሮቼን ሰርዤ ተኛሁ። መስኮቹ ለመምህሩ ዓይን የተሰጡ ናቸው፤ ያመለጠው ነገር እንዳለ እንዲያይበት። ልጅ በክፍለ ጊዜ አያድግም።

የዲያና ትምህርት ቤት ልጆች የሠሩትን አንድ ሥራ ሁሉም ያወራዋል፤ «ጫማና ሜትር» በሚል መጽሐፍ ሆኖ በ1997 ወጥቷል። ለክፍላቸው ሌላ ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ ካለው ጋር አንድ ዓይነት። አናጺው መጥቶ «ልኩን ስጡኝና እሠራለሁ» ይላቸዋል። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ናቸው። በጣት ለኩ፣ በስንዝር ለኩ፣ በእግር ለኩ፣ በጭንቅላታቸውም ሞከሩ። የአንዱ ልክ ከሌላው አልገጥም አለ፤ ስንዝሩ የማን ስንዝር ነው? በክንድ ጨርቅ ገዝቶ የሚያውቅ የሀገሬ ሰው ይህ ጥያቄ አይጠፋውም። ቀጥሎ ከወረቀት የየራሳቸውን ሜትር ሠርተው ቁጥር ጻፉበት፤ የሁሉም ተለያየ። ከብዙ ክርክር በኋላ የአንድ ልጅ ጫማ የጋራ መለኪያ ይሁን ተባለና ጠረጴዛው በጫማ ተለካ። ወደ እውነተኛው ሜትር የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሜትር ምን እንደሚፈታ ያውቁ ነበር፤ ሁሉም የተስማማበት ጫማ ነው። ጠረጴዛው ተሠራ።

ይህን ታሪክ ስሰማ በልጆቹ ብልሃት ከመደነቅ ይልቅ በአስተማሪዎቹ ትዕግሥት ቀናሁ። የሜትር ገመድ እኮ ከመሳቢያ ወጥቶ በአምስት ደቂቃ ሊያልቅ የሚችል ሥራ ነው። እነሱ ግን ቀናትን ጠበቁ።

ትዕግሥት ደግሞ ዋጋ አለው። በየክፍሉ ሁለት መምህራን አብረው ይሠራሉ፤ አንዷ ስታጫውት ሌላዋ ትጽፋለች። እነዚያው ልጆች ከእነዚያው መምህራን ጋር ሦስት ዓመት ይቆያሉ። አቴሊየር የሚባለው የሥነ ጥበብ ክፍል የራሱ ባለሙያ አለው። ከሥራ ሰዓታቸው ውስጥ ልጅ በሌለበት ተሰብስበው የጻፉትን የሚነጋገሩበት ጊዜ ተቆርጦ ተከፍሎበታል። የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ የመግቢያ ቅድሚያ ያገኛል፣ ለክፍሉም ተጨማሪ መምህር ይመደባል። ወላጅ እንደ ገቢው ይከፍላል፤ ቀሪውን ከተማዋ ትሸፍናለች። መስተዋቱና ከሥር የሚበራው የብርሃን ጠረጴዛ የመጡት ከዚህ ሁሉ በላይ ተደርበው ነው።

ይህን የምለው የሚመጣውን ስለምፈራ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የብርሃን ጠረጴዛ አስመጥቶ በበሩ ላይ «ሬጂዮ» ብሎ የሚጽፍ ትምህርት ቤት ክፍያውን በእጥፍ ቢጨምር ማን ይገረማል? የሬጂዮ ሰዎች ራሳቸው የእኛ ሥራ የሚቀዳ ሞዴል አይደለም ይላሉ። ትሕትናም ቢኖርበት እውነትም አለው። በሌላ በኩል ቅር ያሰኘኝም ነገር አልጠፋም። ግድግዳዎቹ ላይ የልጆቹ ንግግርና ሥራ በፎቶ ተሰናድቶ ተሰቅሏል፤ አንዳንዱ እንደ ኤግዚቢሽን ያማረ ነው። ይህ ሁሉ ጌጥ ለልጁ ነው ወይስ ለእኛ ለጎብኚዎች? ብራዚላዊቷ ይህንኑ ጠየቀች፤ ጨምራም «የማይናገረው ልጅ የት አለ?» አለች። መላሿ ጥቂት አሰበችና ዝምተኛው የሚገኘው በግድግዳው ላይ ሳይሆን በማስታወሻ ደብተሮቹ ውስጥ ነው አለች። መልሱን ወደድኩት፤ ደብተሮቹን ግን አላየሁም።

በአቴሊየሩ ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ልጆች ሸክላ ያሻሉ፣ ቀጭን ሽቦ ያጣምማሉ፣ በብሩሽ ጫፍ ነጥብ ያስቀምጣሉ። እርሳስ ለመያዝ የሚያስፈልገው የጣት ጉልበት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ከትከሻ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ አንጓ፣ ከአንጓ ወደ ጣት። ይህን ማንኛውም የሕፃናት መምህር ተምሮታል። ሆኖም አዲስ አበባ ውስጥ የአራት ዓመት ልጅ ጣቱ እስኪነጣ እርሳስ ጨብጦ የእንግሊዝኛ ፊደል በመስመር በመስመር ሲሞላ፣ የቤት ሥራ ይዞ ሲሄድ፣ ሲፈተንና ደረጃ ሲወጣለት አይቻለሁ፤ እኔም ፈትኛለሁ። ያው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግቢ ውስጥ በከሰል አስምሮ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታል። በአንድ እግር ይዘላል፣ ጠጠር አልሞ ይጥላል፣ ተራ ይጠብቃል፣ መስመር ረግጠሃል አልረገጥኩም ብሎ ይሟገታል። ማታ አያቱ እንቆቅልሽ ትጠይቀዋለች፤ ካልመለሰ ሀገር ስጠኝ ትለዋለች፣ ጎንደርን ወይ ሐረርን ይሰጣታል። አምስቱም መስክ እዚያ ሞልቷል። ለዚያ ግን ማንም ማርክ አይሰጠውም።

እሑድ ቀን አንዲት የሀገር ልጅ ቡና ጠራችኝ። እዚህ አዛውንት በመንከባከብ ሥራ የምትተዳደር፣ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ያላት ናት። ልጇ ከማዘጋጃ ቤቱ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ይውላል። እንዴት ታድለሻል ልላት ስዘጋጅ ቀደመችኝ።

«እስኪ አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ንገሪኝ» አለች ሲኒውን እያቀበለችኝ፤ «ልጅ ጭቃ ለማቡካት ትምህርት ቤት ይሄዳል? የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ በዚህ ዕድሜው እንግሊዝኛ ያነባል። የኔው ሁለት ወር ሙሉ ስለ ጥላ ነው የሚያወራው። ጥላዬ ረዘመ፣ ጥላዬ አጠረ። እኔ ከሰው ቤት ስደክም የምውለው እሱ ጥላውን እንዲያባርር ነው እንዴ?»

ከመጽሐፍ የተማርኩትን ልመልስላት ጀምሬ ተውኩት። ስጋቷ ስለ ትምህርት ስልት ብቻ አልነበረም። ጥቁር ልጅ በሰው ሀገር ወደ አንደኛ ክፍል ሲገባ ከሌሎቹ ወደ ኋላ የቀረ ሆኖ እንዳይገኝ ነው የምትፈራው፤ ለሌላው ልጅ የሚታለፍ ጉድለት ለእሷ ልጅ እንደማይታለፍ ታስባለች። ይህን የመሰለ ፍርሃት «ጨዋታ ትምህርት ነው» በሚል ቃል አይለቅም። እሷም ለመምህራኑ በደንብ ነግራቸው አታውቅም፤ ጣሊያንኛዋን ታፍርበታለች።

አንድ ነገር ግን ራሷ አወጋችኝ። ባለፈው ዓመት መምህርቷ ጠርታ በቤት ውስጥ በምን ቋንቋ እንደምታናግረው ጠየቀቻት። በጣሊያንኛ አለች፤ እንዲለምድ ብላ። መምህርቷ «በአማርኛ አውሪው፤ ተረቱንም ዘፈኑንም ቁጣውንም በአማርኛ አድርጊው፤ ጣሊያንኛውን ለእኛ ተዪልን» አለቻት። መጀመሪያ የናቀቻት መስሏት ነበር። በኋላ ግን ልብ ስትል ለልጇ በጣሊያንኛ የምትለው «ብላ፣ ተኛ፣ ጫማህን አድርግ» ብቻ ነበር። በአማርኛ ግን ስለ አያቱ በሬ፣ ስለ ጅብና ስለ አህያ፣ እሷ ትንሽ ሳለች ስለወደቀችበት ወንዝ ታወራዋለች። ልጅ ዐረፍተ ነገር መርዘም እንደሚችል፣ ነገር በምክንያት እንደሚያያዝ የሚማረው ከእንዲህ ያለው ወሬ ነው፤ አንዴ ከተማረው ደግሞ በሌላውም ቋንቋ ይሠራበታል። «አሁን ወሬው ልክ የለውም» አለች፣ ቅሬታዋን ለደቂቃ ረስታ።

በኢትዮጵያ በ2023 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለት ዓመት የቅድመ አንደኛ ትምህርት ለሁሉም ልጅ እንዲዳረስ አስቀምጧል። ትልቅ ውሳኔ ነው። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያሉት፣ የማውቃቸው ኦ ክፍሎች ግን አንድ መምህርት ስልሳና ሰባ ልጅ ይዛ የምትውልባቸው ናቸው። ስልሳ ልጅ ያላት መምህርት ማስዘመር ትችላለች፣ ማስደገም ትችላለች፤ የአንዲት ልጅ ሁለት ካርድ በእጇ መቅረቱን ለማየት አትችልም። ስለዚህ የኛን የመድገም ልማድ ከድንቁርና የመጣ አድርገው ከሚያወሩ ሠልጣኞች ጋር አልስማማም፤ ከቁጥር የመጣ ነው። ቁጥሩ ሳይነካ ሥርዓተ ትምህርቱ አሥር ጊዜ ቢከለስ ክፍሉ ውስጥ የሚለወጠው ጥቂት ነው። ሁለተኛ ሰው፣ እናትም ትሁን አሥረኛ ክፍል የጨረሰች የሰፈር ልጅ፣ ደብተርና እርሳስ ይዛ ከመምህርቷ ጎን ብትቀመጥ፣ ከየትኛውም የመጫወቻ ሳጥን በፊት ገንዘቡን እዚያ ላይ አውለው ነበር።

ከመሄዴ በፊት በነበረው ሳምንት በዚያች እናት ልጅ ክፍል የወላጆች ስብሰባ ነበርና እንግዳዋ ሆኜ አብሬያት ገባሁ። እዚህ ወላጅ መጥቶ ሪፖርት ሰምቶ አይሄድም። በ1976 በመንግሥት ራዲዮ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ላይ ዘመቻ በተከፈተ ጊዜ ማላጉዚ በሩን ዘግቶ አልተከላከለም፤ ቄሱንም ወላጁንም ጠርቶ ለወራት ሲከራከር ከርሟል። ልማዱ እስካሁን አለ። ሰዎቹ በልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠው ስለ ምሳው ጨው ሳይቀር ይነታረካሉ።

የጥላው ፕሮጀክት በፎቶ ሲቀርብ እናቲቱ ዝም ብላ አየች። ሲያልቅ እጇን አወጣች። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጣሊያንኛው ግን አልከዳትም። «ፊደል መቼ ነው?» አለች። መምህርቷ ልጆቹ ስማቸውን እንደሚጽፉ፣ የሱቅ ጽሕፈት እንደሚያነቡ፣ መደበኛው ትምህርት በስድስት ዓመት በአንደኛ ክፍል እንደሚጀምር አስረዳች። «አውቃለሁ፤ እኔ የምጠይቀው ስለ እኔ ልጅ ነው» አለቻት። ያኔ ከኋላ አንድ ጣሊያናዊ አባት «እኔም ይህን ልጠይቅ ፈርቼ ነው» አለ። ሌላዋ እናት ተቃወመች፤ ልጄን ከወዲሁ አታስጨንቁብኝ አለች። አያት የሆኑ አንድ ሰው ተነሥተው በእሳቸው ዘመን ስለነበረው ዱላ ማውራት ጀመሩ። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆነ። መምህርቷ ነገሩ ዛሬ እንደማያልቅ አይታ፣ ሁለቱ ወላጆች ጥያቄያቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡና የሚቀጥለው ወር ስብሰባ በዚያ እንዲከፈት ሐሳብ አቀረበች። ስንወጣ ጣሊያናዊው አባት እየሮጠ ደረሰብንና ጽሑፉን አብረን እንጻፈው ብሎ ስልኳን ጠየቃት።